የጀርባው ግድግዳ ተቀባይ

ጥሩወርቅን የእጅ ባለሙያ አስቸግሯት አያውቅም። ደሴ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት አንድ ነገር ቢኖር ባለሙያ ነው፤ ዛሬ እመጣለሁ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ በሳምንቱ ይመጣል፣ ሲመጣ መፍቻውን ረስቶ ይመጣል፣ መፍቻውን ላምጣ ብሎ የሄደው ደግሞ እዚያው ይቀራል። እሷን ግን ገና ስልኩን ሳትዘጋ «መጣሁ፣ እትዬ» ይሏታል። ጎረቤቶቿ መድኃኒት ታዞርባቸዋለች እያሉ ይቀልዱባት ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰው ሲሠራ አናቱ ላይ አትቆምም። የአንዱን ሥራ ሌላው ፊት አታጣጥልም። ምሳቸውን ራሷ ሠርታ፣ ራሷ ተሸክማ፣ በትኩሱ ታቀርባለች፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ እንዲቆርስ ሁልጊዜ ሽሮና ጎመን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ተቀባይ ሲያስፈልጋቸው ቀሚሷን ሰብስባ ራሷ ትገባላቸዋለች።

ተቀባይ ማለት ከግድግዳው ወዲያ የሚቆመው ሰው ነው። ባለሙያው በዚህ በኩል ድጅኖ ወይም ቧንቧ ሊያሳልፍ ሲል፣ ወዲያ ማዶ የሚወጣበትን የሚያይና ጫፉን የሚቀበል ሰው ይፈለጋል። መሃል ላይ ግድግዳ ስላለ ሁለቱ አይተያዩም፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ጩኸት ይውጣል እንጂ አያሳልፍም። ስለዚህ ባለሙያው በመዶሻው ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ተቀባዩም ሦስት ጊዜ ይመልሳል። አለሁ ማለት ነው። መልሱን ሳይሰማ ድጅኖ የሚመታ ሰው በጥሩወርቅ ግቢ ሁለተኛ አይገባም። እሷም ብትሆን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ባለሙያ አንኳኩቶ ሳትመልስለት ቀርታ አታውቅም። ለምን ይህን ያህል እንደምትጠነቀቅ የጠየቃት አልነበረም፤ ቢጠይቃትም አትናገርም።

ግቢው የጦሳን ዳገት ቆርጦ የተሠራ ነው። ፊት ለፊት እሷ የምትኖርበት ቤት አለ፤ ከኋላ ደግሞ ተራራውን ጀርባ አድርገው በአንድ ረድፍ የቆሙ አምስት የኪራይ ክፍሎች አሉ፣ ሁሉም የጭቃ። በክፍሎቹ ጀርባና በተቆረጠው ተራራ መካከል፣ የክረምቱ ውሃ እንዲወርድበት የተተወች፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍባት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ከአንደኛው ክፍል ጥግ ትጀምርና እስከ አራተኛው ድረስ ትሄዳለች። አምስተኛው ጋ ተራራው ድሮ ተንዶ ስለሞላት እዚያ ላይ ታበቃለች። ከዚያ ወዲያ አፈር ብቻ ነው።

በእነዚያ አምስት ክፍሎች አሥራ አራት ነፍስ ያድራል። ጥሩወርቅ ይህን ቁጥር በልቧ ትይዘዋለች፤ ልጅ ሲወለድ ትጨምራለች፣ ሰው ሲለቅ ትቀንሳለች። ያ የጀርባ ግድግዳ ቢሄድ ተራራው የሚመጣው በእነሱ ላይ ነውና በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየዞረች ግድግዳውን በመዳፏ ትዳብሳለች። የአራቱ ክፍሎች ምርጊት በየዓመቱ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል፣ ይታደሳል። የአምስተኛው ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጥገና ጠይቆ አያውቅም። እሷም ይህን እንደ ዕድል ቆጥራው ኖረች።

ዘንድሮ ግንቦት ሊያልቅ ሲል የአምስተኛው ክፍል ተከራይ ጠራቻት። ዘቢደር ትባላለች፤ ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ወር ሙሉ ብቻዋን ናት፣ የአራት ወር ሴት ልጅ ታጠባለች፣ ስትናገር ድምፅዋ ከአፏ አይወጣም። በጀርባው ግድግዳ ላይ፣ በሰው ትከሻ ቁመት፣ የሰሐን አፍ የሚያህል ክብ እርጥበት ወጥቷል። ጥሩወርቅ መዳፏን አሳረፈችበት፤ ቀዘቀዛት። ቀጥላ አሸተተችው። ሠላሳ ዓመት ስታከራይ የእርጥበትን ሽታ ለይታ ታውቃለች፤ ሻጋታ ሻጋታ ይላል፣ ውሃ የገባበት አሮጌ ጆንያ ይሸታል። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። ትናንት ተረግጦ፣ ጭድ ገብቶበት ሲቦካ ያደረ ትኩስ ጭቃ ነው የሚሸተው፣ ቤት ሲሠራ ያለው ሽታ። ደስ የሚል ሽታ ነበር፤ ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

ለአበጋዝ ደወለች። አበጋዝ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እየሠራ ያፏጫል፣ የእሷን ሽሮ ሲበላ ደግሞ የሚስቱን ሽሮ ያማል። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ የግቢውን ውሃ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ቆጣሪውን አየ፣ የአራተኛውን ክፍል መታጠቢያ ሳይቀር ፈትሾ አምስተኛው ክፍል ገባ።

«የውሃ ነገር አይደለም፣ እትዬ» አለ። «በዚህ በኩል ጭራሽ ቧንቧ አላለፈም። እስቲ ውስጡ ተቦርቡሮ እንደሆነ ልየው።»

መዶሻውን አገላብጦ በእጀታው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታ። ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ሁለቴም አራቴም ሊመታው ይችል ነበር። ጥሩወርቅ የምሳውን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበርና ፉጨቱ በመሃል ሲቋረጥ ሰማች።

«ተቀባይ አስገብተዋል እንዴ?» አለ አበጋዝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«የምን ተቀባይ? ወዲያ እኮ ተራራ ነው።»

አበጋዝ መዶሻውን ዝቅ አደረገ። ከዚያም መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ፣ ብረት ከብረት እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ ሰው የተኛበት ቤት ዕቃ እንደሚሰበስብ ሰው ወደ ቦርሳው ከተተ። ከትሪው ጎን አልፎ ወጣ። ሆዱን እንዳመመው ነገራት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ጥሩወርቅ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ምሳዋን ሳይበላ የወጣ ባለሙያ እሱ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ስልኩን አላነሳም፣ በሳልስቱም አላነሳም።

በሳምንቱ እርጥበቱ ወደ ታች ረዘመ፣ በጎንና በጎኑም ሰፋ። አንድ ሰው ቆሞ የተደገፈበት ያህል ነበር። ጥሩወርቅ ይህን ለራሷ እንኳ ደፍራ አላለችውም። ዘቢደር ግን ሌላ የምትነግራት ነበራት፤ ልብስ እያሰጣች፣ እጇን ሳታቆም ነገረቻት።

«እትዬ፣ ግድግዳው ያንኳኳል።»

«አይጥ ይሆናላ።»

«አይጥ ይቆጥራል እንዴ? ሦስት ጊዜ ነው። ቆየት ይልና ደግሞ ሦስት ጊዜ። ቀን ነው የሚሰማው፣ ልጄን አስተኝቼ ቤቱ ጭር ሲል።»

ጥሩወርቅ ገባች። ሕፃኗ አልጋው ላይ ተኝታለች። በመስኮቱ የገባው የረፋድ ብርሃን ግድግዳው ጋ ሲደርስ የሚደክም ይመስል ነበር፤ እርጥቡ ቦታ በጠራራ ቀን ጨለማ ሆኖ ቆሟል። ጆሮዋን አስጠጋች። መጀመሪያ ምንም የለም፤ የራሷ ደም ሲመላለስ ብቻ ነው የምትሰማው። ከዚያ ግን ከግድግዳው ወዲያ በኩል፣ ከጆሮዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እርጥብ እጅ እርጥብ ጭቃ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲንሸራተት ሰማች። ያልፋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያልፋል። ሥራውን የሚያውቅ፣ የማይቸኩል ሰው እንደዚያ ነው የሚመርገው። ከዚያም እጁ ቆመ፤ ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

ጥሩወርቅ ጆሮዋን ከግድግዳው አነሳች። እጇ ሊመልስ ከፍ ብሎ ነበር፤ በሌላው እጇ ይዛ አወረደችው። ወጥታ ዘቢደርን ክንዷን ያዘቻት።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ይህን ለማንም እንዳትተነፍሺ። ወሬው ከወጣ ግቢው ይታመሳል። አንዱ ጀግና ነኝ ባይ ግድግዳውን ልክፈተው ቢል ደግሞ ተራራው የሚወርደው አንቺና ልጅሽ ላይ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ፣ ማንም ይሁን፣ አልሰማሁም በይ። ገባሽ?»

ዘቢደር ራሷን ነቀነቀች።

«እስቲ በይው።»

«አልሰማሁም» አለች ዘቢደር።

ጥሩወርቅ ወደ ራሷ ቤት ልታዛውራት ትችል ነበር፤ አንድ አልጋ አይጠፋም። ግን ሌሎቹ ተከራዮች ለምን ወጣች ብለው ይጠይቃሉ ብላ ተወችው፤ አልጋውን ብቻ ወደ በሩ አስጠጋችላት። ጥሩወርቅ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቤቷን የምትወድ ሴት ነበረች፣ ይህም አንዳንዴ ከክፋት ብዙ አይርቅም።

ከዚህ በኋላ የቀራት ይመር ብቻ ነው። ይመር ያን ረድፍ ቤት ከመሠረቱ ያቆመ ግንበኛ ነው፤ ያኔ ጎልማሳ ነበር፣ አሁን ጢሙ ነጥቷል፣ ጆሮውም በመዶሻ ብዛት ደክሞ ሰው ሲያናግረው ከንፈር ከንፈር ያያል። ሐሙስ ጠዋት መጣ። ጥሩወርቅ ያን ቀን የራሷን ሕግ አፈረሰች፤ ሲሠራ አናቱ ላይ ቆመች። እሱም ገርሞት አንዴ ዞር ብሎ አያትና እርጥቡን ልስን በግንበኛ ማንኪያው ጫፍ መፋቅ ጀመረ። ልስኑ እንደ በሰለ ድንች ልጣጭ ያለ ድካም ተነሣ። ማገሩ ብቅ ሲል ይመር እጁን አቆመ።

«ይህን ግድግዳ ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም፣ ጋሽ ይመር።»

«እትዬ፣ የጭቃ ግድግዳ ፊትና ጀርባ አለው» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እሷን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ። «መራጊው የቆመበት ፊቱ ነው፤ ልሙጥ ነው። እሱ ሲጫነው ጭቃው በማገሩ መሃል አልፎ ወዲያ ይንጠለጠላል፤ ያ ጀርባው ነው። መራጊው የት ቆሞ እንደነበር ሊሳሳቱት አይችሉም። ይህን ግድግዳ የመረግኩት እኔ ነኝ፤ የቆምኩትም እዚሁ፣ አሁን የቆምኩበት ነው። እንግዲህ ይዩት።»

አየችው። በእያንዳንዱ ማገር መሃል ጭቃው ከጣት መሃል እንደሚወጣ ሊጥ ወደ ክፍሉ፣ ወደ እነሱ ተገፍቶ ተንጠልጥሏል። ይመር ከአንዱ ቆንጥሮ በጣቶቹ አሸው። በውስጡ የነበረው ጭድ ቢጫ ነበር፣ ያብረቀርቃል።

«ጭዱ የዘንድሮ ነው» አለ። «ከወዲያ ነው የሚመረገው። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሳይሰነጠቅ የቆመው የእጄ ሥራ መስሎኝ ስኮራበት ኖርኩ።»

በተገፋው ጭቃ መሃል ባለችው ቀዳዳ፣ ከማገሩ ወዲያ፣ የልሙጡ ገጽ ወደ ቀዳዳዋ የታጠፈ ጠርዝ ጥቂት ይታይ ነበር። አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉበት፣ ከላይ ወደ ታች። ይመር ያንን ሲያይ ማንኪያውን አስቀምጦ ተንበረከከ።

«ሙሄ እጁ እንዲህ ነበር» አለ። «በአራት ጣት፣ አውራ ጣቱን ሳያስነካ።»

ሙሄ የይመር ተቀባይ ነበር፣ ምርጊትም ከእሱ ጋር ይመርግ ነበር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በሰኔ፣ የአምስተኛው ክፍል ግድግዳ ባለቀ ሰሞን፣ ሙሄ በመተላለፊያው ውስጥ እንደቆመ ተራራው ተንሸራተተ። አፈሩ መተላለፊያውን ከላይ ሞላው፤ ግድግዳው ግን ቆመ። ሰው ሁሉ እየጮኸ ወደ ውጭ ሮጠ። ይመር ብቻ ተመልሶ ገብቶ በመዶሻው ሦስት ጊዜ አንኳኳ። የውጭው ጩኸት መልሱን አላሰማው አለ። የምሳ ትሪ እንደያዘች ጥግ ላይ ደርቃ የቀረችው፣ ሙሽርነቷ ገና ያልወጣላት ጥሩወርቅ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ጆሮዋም እዚያው ላይ ነበር። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳው ከተከፈተ ቤቱም እኛም አለቅን እያለ ይጮሃል። ይመር ትከሻዋን ይዞ «ሰማሽ? ሰማሽ እንዴ?» አላት።

«አልሰማሁም» አለችው።

ሰምታ ነበር። ሦስት ጊዜ፣ ጥርት ብሎ፣ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን። አለሁ። የጓጓችለት ቤት ነበር፣ ተራራውም ያስፈራል፣ ደግሞ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከላይ በኩል አራት ቀን ቢቆፈር ሙሄ አልተገኘም። ተለቀሰ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቤቱ ተከራየ፣ ባሏም በጊዜው ሞተ። ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች፤ ሆዷ ግን አልፈጀውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የባለሙያ ምሳ ለሌላ ሰው የማትተወው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ተቀባይ የምትሆነው።

«ያን ቀን አንዴ ብቻ መልሶ ቢያንኳኳ ኖሮ» አለ ይመር፣ እንደተንበረከከ፣ «በጥፍሬ እከፍተው ነበር። ወላሂ በጥፍሬ። አለመመለሱ ነው ያጽናናኝ። ወዲያው ነው የሄደው፣ አልተሠቃየም እያልኩ ሠላሳ ዓመት ተኛሁ።»

ጥሩወርቅ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ይመር ከንፈሯን እያየ ጠበቀ።

«ሻይ ላምጣልዎ?» አለችው።

ሻዩን ጠጥቶ ሲረጋጋ ባለሙያነቱ ተመለሰለት፤ ሰው የሚፈራውን ነገር ትቶ የሚያውቀውን ይይዛል። ያዩትን ለማንም እንዳታወራ ለመናት፤ የሙሄ እናት አሁንም በሕይወት አለች። ግድግዳው በውሃ ከብዷል፤ ይህ ከሆነ የሐምሌን ዝናብ አይችለውም፣ አሥራ አራቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። በአራተኛውና በአምስተኛው ክፍል መሃል፣ መተላለፊያዋ በምታበቃበት ቦታ፣ ድጅኖ አሳልፎ የውሃ መውረጃ ቱቦ ማስገባት አለበት።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ። ተቀባይ ይዤ ልምጣ» አላት።

«ተቀባይ ምን ያደርጋል? እኔ አለሁ» አለች ጥሩወርቅ።

«እንግዲያው ከመስጊድ ተመልሼ ሳላንኳኳ እንዳይገቡ» አለ ይመር።

ዓርብ ቀትር ላይ ጉም ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ሞላው። ተከራዮቹ ከዘቢደር በቀር ሥራና ገበያ ወጥተዋል። ጥሩወርቅ የይመርን ሽሮ ከድና ከወጥ ቤቷ ልትወጣ ስትል ከመተላለፊያዋ አፍ ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ ሰማች። ዛሬስ ጋሽ ይመር ፈጥነው መጡ አለች በልቧ። ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ ለዘቢደር ገብቻለሁ ብላ መንገር እንኳ ሳያስፈልጋት በጎኗ ገባች። ሠላሳ ዓመት የገባችበት ቦታ ነው፤ እግሯ ያውቀዋል።

ተራራው ደረቷን፣ ግድግዳው ጀርባዋን እየነካት ሄደች። በአንደኛው ክፍል ጀርባ ሳይዘጋ የተረሳ ሬዲዮ ያወራል፤ ቃሉ አይለይም፣ ማጉረምረሙ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጀርባ የትናንት ሽንኩርት ሽታ በምርጊቱ ውስጥ ሰርጎ ወጥቷል። በሦስተኛው ጀርባ የሬዲዮው ድምፅ ሞተ፤ ከላይ የምታየው የሰማይ ቅዳጅም በጉሙ ነጥቶ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። በአራተኛው ጀርባ ያ የትኩስ ጭቃ ሽታ ተቀበላት፣ እየበረታ፣ አፍ ውስጥ እስከሚጣፍጥ ድረስ። እዚያ ደርሳ ቆመች። መተላለፊያዋ ማለቅ ከነበረባት ቦታ አላለቀችም ነበር። ሠላሳ ዓመት አፈር የነበረበት ቦታ ተከፍቶ ወደ ውስጥ፣ ወደ አምስተኛው ክፍል ጀርባ ይሄዳል፤ ወለሉ ተጠርጓል።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከታች ከከተማው፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይሰማት ጀመር። የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ ገና አላለቀም። ይመር እዚያ ነው።

ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ያኔ መመለስ ትችል ነበር፤ መንገዱ በግራዋ ክፍት ነው። አልተመለሰችም። ፈርታ ነበር፣ ከፍርሃቱ በታች ግን የሠላሳ ዓመቱ ዕዳዋ ነበር፣ እሱም ይበልጥ ይከብዳል። ሙሄ የሚፈልገው መልስ ነው፤ መልስ ደግሞ የምታውቀው ሥራዋ ነው። ይቅር በለኝ ብላ በልቧ፣ ጣቶቿን አጥፋ፣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታች። አለሁ። ውስጥ ያለው ዝም አለ። ረጅም፣ እፎይ ያለ ዝምታ ነበር፣ ዓይኗም እንባ ሞላ። ይኸው ነው፣ አለቀ ብላ አሰበች። ልታየው፣ ቢያንስ አፈር ልታለብሰው ወደ ውስጥ አለፈች።

ማንም አልነበረም። ልሙጡ ግድግዳ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች በአራት ጣት ተሠርቶ፣ ተስተካክሎ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለበት። ከግርጌው መሬቱ ላይ ሁለት የእግር ቅርጾች አሉ፤ አንድ ሰው በአንድ ቦታ ብዙ በመቆሙ እንደ ጣባ ጎድጉደዋል። በትከሻ ቁመት ላይ ደግሞ ጭቃው ብዙ ጊዜ ከመንኳኳቱ የተነሣ የአንድ ጭብጥ ያህል ተበልቶ ነበር። ጥሩወርቅ ያንን ስታይ ስንት ጊዜ እንደሆነ ለማሰብ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ከኋላዋ እርጥብ ነገር ጠፍ ብሎ ማገር ላይ አረፈ። ደግሞም ጠፍ አለ። ዞረች። የገባችበት ቦታ ከታች እስከ ደረቷ ማገር ተመቶበት ተመርጎ ነበር፤ የቀረችው ቀዳዳ ከላይ ስትጠብ ግራጫው ብርሃን ውስጥ አንድ እጅ አየች፤ አሮጌ፣ ጭቃ የለበሰ፣ የማይቸኩል እጅ። አራት ጣቶቹ አንዴ አለፉ። ብርሃኑ ጠፋ። ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማች፤ በአራተኛው ጀርባ፣ በሦስተኛው፣ በሁለተኛው፣ ቀኑን ጨርሶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሠራተኛ እየራቀ ሄደ።

በጨለማው እጇን ዘረጋች። ጭቃው በማገሩ መሃል ወደ እሷ ተገፍቶ ተንጠልጥሎ ነበር። ጮኸች፤ ጩኸቱ ከአፏ ወጥቶ ጭቃው ውስጥ ቀረ። በጥፍሯ ቧጨረች፤ እርጥብ የነበረው በእጇ ሥር ሲደርቅ፣ ሲጠነክር ተሰማት። ወደ ክፍሉ ግድግዳ ዞረች። የምትቆምበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ እግሮቿ ሁለቱ ጉድጓዶች ውስጥ ገቡ፤ ልኳ ነበሩ።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ይመር ትናንት ልስኑን ያነሣበት ቦታ ሳስቷልና የክፍሉ ድምፅ ወደ እሷ ይመጣ ነበር፤ የእሷ ግን አይሄድም። የበሩ ሲጢጥታ መጣ። የይመር ሳል መጣ። «እትዬ ጥሩወርቅን አየሻቸው?» ሲል፣ ዘቢደርም «ቤታቸው የሉም፣ ጋሽ ይመር፣ ከረፋድ ጀምሮ አላየኋቸውም» ስትል ሰማች። ቀጥሎ መዶሻው መጣ፣ ቅርብ፣ ፊቷ ፊት፣ ሦስት ጊዜ። ጥሩወርቅ ጭብጧን በተበላው ቦታ አስገብታ ባላት ኃይል ሁሉ ሦስት ጊዜ መለሰች፣ ደግማም ሦስት ጊዜ መታች፣ እጇ እስኪደማ። አለሁ። አለሁ። ከማገሩ ወዲያ፣ ከአንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ስትጀምርና እናቷ ፈጥና ወደ ደረቷ ስታስጠጋት ሰማች።

«ጆሮዬ እንደሆነ ከድቶኛል» አለ ይመር። «ዘቢደር፣ አንቺ ቅርብ ነሽ። ሰማሽ? ሰማሽ እንዴ?»

ዘቢደር ሕፃኗን እሹሩሩ አለቻት።

«ኧረ እኔ» አለች፣ «ምንም አልሰማሁም።»